የአንቀጽ አራት ቤት

አንቀጽ አራትን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቀድሞ ሳይነግራችሁ እኔው ልናገረው ብዬ ነው። በጎንደር ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሆኜ በኖርኩባቸው ዓመታት ስንት ደብዳቤ፣ ስንት ማስታወቂያ ጽፌያለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው የሚያስታውስልኝ ይህችን አንዲት አንቀጽ ነው፤ ያውም ሲረግመኝ።

ነገሩ የተነሣው በአርባ አራት ዓመተ ምሕረት ክረምት ነው። አንድ አዲስ የተሠራ ቤት ግድግዳው ወደ መንገድ ዘመመ። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ባለቤቱን አስጠርተው ቢጠይቁት «ግንበኛው ነው» አለ። ግንበኛው በሌላ ቀን መጥቶ «እኔ ቀጥ አድርጌ ነው ያስረከብኩት፤ አናጢው ጣራ ሲጭን ነው ያዘመመው» አለ። አናጢው ደግሞ በሦስተኛው ቀን መጣና «ባለቤቱ እንጨት ሰስቶብኝ ነው» ብሎ ነገሩን ከተነሣበት መለሰው። እንዲህ እየተቀባበሉ ሁለት ወር አዞሩን። በመጨረሻ ሹሙ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱና «ሐብተ ማርያም፣ ከእንግዲህ እንዲህ እንዳይሆን አድርገህ ጻፍልኝ» አሉኝ።

ጻፍኩ። የቅኔ ቤት ተማሪ ስለነበርኩ ብዕር ከያዝኩ ቶሎ አልለቅም። «ማናቸውም የመኖሪያ ቤት ምርመራ፣ እንዲሁም ስለ ቤቱ የሚሰጥ ማናቸውም ትእዛዝ፣ ባለቤቱ፣ ግንበኛውና አናጢው ሦስቱም በአንድነት በቦታው በሥራ ላይ ሳሉ ይፈጸማል፤ ያለዚያ ግን እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል።» ሹሙ ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ሸጋ ነው» አሉ። እኔም በልቤ ሸጋ ነው አልኩ። የምርመራው ቀን ዓርብ ስድስት ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ። ማዘጋጃ ቤቱ ያለችው ከጣሊያን የተረፈች አንዲት ማኪና ናት፤ ሌላውን ቀን ሁሉ ለውሃ ቧንቧ ሥራ ስትመላለስ ትውላለች። ዓርብ ቀትር ላይ ግን ሹሙን ለምሳ ወደ ቤታቸው ስለምታደርስ መርማሪውንም በዚያው ታደርሰዋለች። ይኸም ተጻፈ።

እንግዲህ እኔ በጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። በጎንደር ድንጋይ አሳምሮ የሚገነባው ከወለቃ የሚመጣው ቤተ እስራኤል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዓርብ ቀትር ሲሆን መሣሪያውን ሰብስቦ ወንዝ ወርዶ ለሰንበቱ ይታጠባል፣ ቅዳሜ ከቤቱ አይወጣም። ቤት የሚያሠራው ነጋዴ ብዙ ጊዜ እስላም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዓርብ ስድስት ሰዓት መስጊድ ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ነው። አናጢው ክርስቲያን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሑድን ትተን በወር ውስጥ የሚያከብራቸውን በዓላት እኔው ራሴ አብሬው አከብራለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጻፍኩት። እስከ ዛሬ ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

ጣጣው የወጣው በአርባ አምስት ዓመተ ምሕረት በቡሽራ ቤት ነው። ቡሽራ አዲስ ዓለም ሠፈር የሚኖር አቡጀዴና ክር ነጋዴ ነው። በጥር ወር ከጎረቤት ማድቤት እሳት ተነሥቶ የሣር ክዳን ቤቱ እንዳለ ነደደ። ሰው አልተጎዳም፤ ዕቃ ግን አልወጣም። ሚስቱን ሐዲጃንና አራት ልጆቹን ይዞ የሐዲጃ ወንድም አብዱልጀሊል የቆዳ መጋዘን ውስጥ ገባ። አብዱልጀሊል ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ዝናብ ሲጥል ቆዳው ከደጅ ወደ ውስጥ መግባት አለበትና «እስከ ሰኔ ነው እኅቴ» ብሎ ነበር። ስለዚህ ቡሽራ ከወለቃ የሻውን ግንበኛ፣ ከከተማው ክንዱን አናጢ አድርጎ ሥራውን አጣደፈው። ግንቦት ሲገባ ግንቡ ጣራ እስከሚያርፍበት ደረሰ። ክንዱ እንጨቱን ቆርጦ አዘጋጀ፣ ቆርቆሮውም ተገዝቶ ጓሮ ተቆለለ። የቀረው ምርመራ ብቻ ነበር። ሳይመረመር የተጫነ ጣራ ይፈርሳል የሚል አንቀጽ ስድስት አለና ማንም ሊደፍር አልቻለም። እሱን እንኳ ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ ነው የጻፈው።

ግንቡ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው። ጣራ ሳይለብስ ክረምቱ ከመጣበት ጭቃው ታጥቦ ይወርዳል፣ ድንጋዩም ይከተለዋል። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቃል።

መርማሪያችን ኃይለ ጊዮርጊስ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቦርሳውንና የግንብ መለኪያ ቱንቢውን ከእጁ የማይለይ ጎልማሳ። ጉቦ አይቀበልም። ጉቦ ቢበላ ኖሮ ቢያንስ አንድ መላ ይገኝ ነበር ብዬ ያሰብኩበት ቀን አለ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። በመጀመሪያው ዓርብ በስድስት ሰዓት ሄደ። ረመዳን የገባበት ሰሞን ነበርና ቡሽራ መስጊድ ነው፤ የሻው ወደ ወለቃ ሄዷል፤ ክንዱን ብቻ መጥረቢያውን ሲስል አገኘው። «ሁለቱ አልተገኙም» ብሎ ጻፈና ተመለሰ።

ሰኞ ጧት ሐዲጃ ከቢሮዬ ደጃፍ ቆማ አገኘኋት።

«እንዴት አደሩ አያ ሐብተ ማርያም?»

«እግዜር ይመስገን። እንዴት አደርሽ ሐዲጃ?»

«እኔማ ቆዳ መሐል አደርኩ» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው መጣች። ሌላ ነገር አትልም፤ አትለምንም፣ አታለቅስም። «እኔማ ቆዳ መሐል አደርኩ» ብላ ትሄዳለች። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓርብ ሐዲጃ የሻውን እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል እንዲቆይ ለመነችው፤ ቆየላት። ኃይለ ጊዮርጊስ ግን በስድስት መጥቶ ቡሽራን አጣው። ማኪናዋ ውስጥ ሹሙ ምሳቸውን እያሰቡ ስለነበር መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። «አንድ ዓርብ ብትቀር ምናለ?» ብትለው ቡሽራ «በረመዳን ጁምዓ ልተው? ቤቱ ሲቃጠል ያተረፈኝን ጌታ?» ብሎ ጮኸባት። እሱስ ምን ያድርግ። በሦስተኛው ዓርብ ማኪናዋ ስለዘገየች ሁሉም ነገር የተስተካከለ መስሎን ነበር፤ ቀኑ ግን ግንቦት ሃያ አንድ፣ የማርያም በዓል ሆነና ክንዱ ድርሽ አላለም።

ኃይለ ጊዮርጊስን ጠራሁት። «ልጄ፣ በሰባት ሰዓት ተኩል ብትሄድ ሦስቱንም ታገኛለህ» አልኩት።

«ስድስት ሰዓት ይላል አቶ ሐብተ ማርያም።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ።»

«ታዲያ ለምን ስድስት ብለው ጻፉ?» አለኝ። በንቀት አይደለም፤ በእውነት ለማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ በቀለም የወጣው ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ቢሆንም ተቀምጬ ማሻሻያ አረቀቅኩ፦ ሦስቱ በአንድነት መገኘታቸው ቀርቶ እያንዳንዳቸው በሚመቻቸው ቀን ቀርበው እንዲፈርሙ። ሹሙ ጋ ይዤ ገባሁ። መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት።

«ሐብተ ማርያም፣ ይህን ሕግ ያወጣነው አምና አይደለም እንዴ?»

«አዎ ጌታዬ። ግን ሰዉን አስቸገረ።»

«ሕግ ሸማ ነው? በየሳምንቱ ይታጠባል?» አሉኝ። ቀጥለውም የማሻሻያ ሐሳብ የሚታየው በምክር ቤት እንደሆነ፣ ምክር ቤቱም ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሰበሰበው በነሐሴ እንደሆነ ነገሩኝ።

«በነሐሴ ጌታዬ የቡሽራ ቤት ቀሃ ወንዝ ውስጥ ነው የሚሆነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው በጊዜ ያስመርምር» አሉ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። ወጣሁና ማሻሻያዬን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት።

በግንቦት መጨረሻ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጣለ። ዓርብም አልፎ ነበር፤ ኃይለ ጊዮርጊስ በዚያ ሳምንት አዘዞ ሥራ ተልኮ አልተገኘም። የተገኙት ሦስቱ ናቸው። አዎ፣ በዚያች አንዲት ዓርብ ቡሽራ ከመስጊድ እንደተመለሰ ሦስቱም ተገኝተው ነበር፤ መርማሪው ብቻ ነው የጎደለው። በማግስቱ ሰላምታውን ጠብቄ ቀና ስል ሐዲጃ ዝም ብላ ገባች። በእጇ እርጥብ ጭቃ ጨብጣለች። ማሻሻያዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ይህ ከቤቴ የወረደ ነው» አለች። «ምነው አያ ሐብተ ማርያም? እኛ ምን በደልን? ቤት ሥሩ አላችሁን፣ ሠራን። ሣር ተዉ አላችሁን፣ ተውን። ሦስት ሰው ሰብስቡ አላችሁን። አላህ በሦስት ሃይማኖት የከፈለውን እኔ በየትኛው ጉልበቴ በአንድ ቀትር ልሰብስበው?»

አፈርኩ። ንዴቱም አልቀረልኝም፤ በሹሙ፣ በኃይለ ጊዮርጊስ፣ በማኪናዋ፣ ከሁሉ ይልቅ በራሴ ብዕር። ወረቀቱን ከነጭቃው ገለል አድርጌ «በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሦስቱንም እኔ ራሴ አቆምልሻለሁ» አልኳት። የማልችለውን ነገር ቃል ስገባ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ እንደወጣሁ ወለቃ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። የሻው ከደጁ ተቀምጦ ነበር። በእነሱ ወግ ሌላ ሰው እንዳይነካው በመካከላችን ፈቀቅ ያለ ቦታ ትቶ ድንጋይ አሳየኝ፤ ተቀመጥኩ።

«አያ የሻው፣ ያን ቤት ልናጣው ነው» አልኩት።

«ያቆምኩትን ግንብ ዝናብ ሲበላው እኔስ ደስ የሚለኝ ይመስልዎታል?» አለኝ። «ጸሓይ ሳትጠልቅ ወንዝ መውረድ አለብኝ እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ። ከዘጠኝ በኋላ ግን ንጉሥም ቢመጣ የለሁም።»

ቡሽራ ረመዳን ያልቅና ከመስጊድ በቀጥታ እሮጣለሁ አለ። የቀረው ኃይለ ጊዮርጊስ ነበር። እድል ሆኖ በሚመጣው ሁለተኛ ዓርብ ሹሙ ደባርቅ ሊሄዱ ነው፤ ማኪናዋ ስለማትኖር በእግሩ ነው የሚሄደው። «በእግር ቀስ ብለህ ስትሄድ መንገዱ ራሱ ሰባት ተኩል ያደርስሃል» አልኩት። አሰበና «በስድስት ሰዓት ከተነሣሁ ሕጉን ጠብቄያለሁ» አለ። ደስ ብሎኝ ቀኑን በትልቁ መዝገብ ላይ ጻፍኩት፦ ዓርብ ሰኔ ዐሥራ ሁለት።

ሐሙስ ማታ ባለቤቴ ወለተሩፋኤል «ለነገ ነጭ ልብስህ ታጥቧል» አለችኝ።

«ለምን?»

«ነገ የሰኔ ሚካኤል አይደለም እንዴ?»

እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ። የቅኔ ቤት ልጅ፣ ባሕረ ሐሳብ የቆጠርኩ ሰው፣ የረመዳንን ፍጻሜ አስልቼ፣ የቤተ እስራኤልን ሰንበት በሰዓት ለክቼ፣ የራሴን ሚካኤል ረሳሁት።

በጠዋት ክንዱን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያዝኩት። የሚካኤል ማኅበርተኛ ነው። «እመጣለሁ» አለኝ፣ «አንቱ ከለመኑኝ እመጣለሁ። መሣሪያ ግን አልነካም። ልጄን የማረልኝ ሚካኤል ነው፤ በዓመታዊ ቀኑ መዶሻ አንሥቼ ምን ብዬ እቆምለታለሁ?»

በሰባት ሰዓት ተኩል ሁሉም ተገኙ። ቡሽራ ከመስጊድ እየሮጠ ደረሰ። የሻው ግንቡ ጥግ ቆሞ ጸሓይዋን ያያል። ክንዱ በነጭ ነጠላ አጊጦ እንደ ሠርግ እንግዳ መሐል ቆሟል። ሐዲጃ ቆርቆሮው አጠገብ ሆና ከእኛ ራቅ ብላለች። ኃይለ ጊዮርጊስ ቱንቢውን አወጣ፣ አራቱንም ማዕዘን ለካ፣ ድንጋዩን በጣቱ ቆረቆረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደሰት አየሁት። «እንዲህ ያለ ግንብ በዚህ ከተማ አላየሁም» አለ። ቀጥሎ ወደ ክንዱ ዞረ።

«አናጢው በሥራ ላይ አይደለም።»

«ቆሟል አይደል እንዴ?» አልኩ።

«በሥራ ላይ ሳሉ ነው የሚለው። ቆመው ሳሉ አይልም።»

«መጥረቢያውን አንሣ ክንዱ፣ ዝም ብለህ አንሣና አስቀምጠው» አለው ቡሽራ።

«አላነሣም።»

«ለእኔ ብለህ!»

«ለአንተ ነው የመጣሁት። ለእሱ ነው የማላነሣው» አለ ክንዱ፤ ወደ ሰማይ አመለከተ። እኛም ባመለከተበት ቀና ብንል በአዘዞ በኩል ጠቁሯል። የሻው አስቀድሞ አይቶት ኖሮ «ጊዜ የለም» አለ ቀስ ብሎ።

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ምን ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም። ኃይለ ጊዮርጊስን በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት፣ ክንዱን በግትርነቱ፣ ቡሽራን የቀድሞ ቤቱን በሣር በመክደኑ ሰደብኩ። የሻውን ምን ብዬ እንደምሰድበው ስላጣሁ «አንቱ ደግሞ ወለቃን ያህል ሩቅ አገር ምን አስቀመጠዎት» አልኩት። ገና ሳልጨርስ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ።

ሁላችንም ቆመን አየነው። የግንቡ ራስ ላይ ውሃው አቋረ፣ ከዚያ ቡናማ ሆኖ በድንጋዩ ላይ መውረድ ጀመረ። አንድ ድንጋይ ከማዕዘኑ ለቅቆ ወደቀ። ሐዲጃ አንድ ቆርቆሮ ከቁልሉ ላይ ሳበች። ብቻዋን እየጎተተች አመጣችውና ግንቡን አስደገፈችው። ተመልሳ ሌላ ሳበች።

ቡሽራ ሮጠ። የሻው ግንቡ ላይ ወጣ። ኃይለ ጊዮርጊስ ቦርሳውን ከሸሚዙ ሥር አስገብቶ የእንጨቱን ጫፍ ያዘ። እኔም በሌላው ጫፍ ገባሁ። ማን ማንን እንደነካ የሚጠብቅ አልነበረም፤ የሻው «ለነገሩ ዛሬ መታጠቤ አይቀር» ሲል ሰማሁት። የጣራውን ወራጅ እንጨቶች በግንቡ ላይ አጋደምን፣ ቆርቆሮውን ጫንን፤ ነፋሱ ግን አንዱን ስንጭን ሌላውን ያነሣዋል። ምስማር የሚመታ የለም።

ክንዱ እስካሁን መሐል ቆሞ ነጠላው እላዩ ላይ ተጣብቋል። ሐዲጃ ወደ ወደቀው ድንጋይ ሄዳ አነሣችው፤ ልትመልሰው ቦታው ራቃት። ክንዱ አያት። ነጠላውን አውልቆ አጠፈና ሰጣት። «ሚካኤል ያያል» አለ፣ መዶሻውን አንሥቶ ወጣ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ መታ። ዝናቡ ሲያባራ ከቆርቆሮው ሥር ነበርን፤ ሁላችንም ጭቃ ነን፤ ከላይ ግን ጠብታ አይወርድም። ኃይለ ጊዮርጊስ ቦርሳውን ከፍቶ ወረቀቱን አውጥቶ ጻፈ፤ እየጻፈም አነበበልን፦ «ባለቤቱ፣ ግንበኛውና አናጢው ሦስቱም በአንድነት በሥራ ላይ ተገኝተዋል። ግንቡ ቀጥ ያለና የጸና ነው። ተፈቅዷል።» ሐዲጃ የክንዱን ነጠላ እንደያዘች ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ያኔ ገና አለቀሰች።

ኃይለ ጊዮርጊስ ብዕሩን አልከደነም። ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ።

«ጣራው ግን ከፈቃዱ በፊት ተጭኗል» አለ። «በአንቀጽ ስድስት ይፈርስና መልሶ ይጫናል።»

«ኧረ አንተ ልጅ» አልኩት፣ «አብረህ አልያዝክም?»

«ይዣለሁ። እሱንም ጽፌዋለሁ።» ብዕሩን ከደነ። «ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም አቶ ሐብተ ማርያም።»

የሻው መሄጃው ደርሶ ነበር። መሣሪያውን ሰብስቦ ወደ ወለቃ ወረደ።

ሰኞ ሹሙ ሪፖርቱን አንብበው የማፍረሻውን ትእዛዝ እንድጽፍ አዘዙኝ። ጻፍኩ። በሕይወቴ እንዲህ አሳምሬ የጻፍኩት ወረቀት የለም። ግርጌው ላይም እንዲህ አከልኩ፦ «በአንቀጽ አራት መሠረት ይህ ትእዛዝ ዓርብ በስድስት ሰዓት ባለቤቱ፣ ግንበኛውና አናጢው ሦስቱም በአንድነት በቦታው በሥራ ላይ ሳሉ ይነበብላቸው።» ሹሙ አነበቡና «መቼም ሕግ ታውቃለህ» ብለው ፈረሙ።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ኃይለ ጊዮርጊስ ትእዛዙን ይዞ ሄደ። ቡሽራ መስጊድ ነበር፤ የሻው ወደ ወለቃ ሄዷል፤ ክንዱ የቀረችውን ሥራ ጨርሶ ሌላ ቤት ይዟል። «አልተገኙም» ብሎ ጻፈ። በሚቀጥለው ዓርብም እንደዚሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቆም ብሎ «ቡሽራ ከመስጊድ በስንት ሰዓት ነበር የሚወጣው?» ብሎ ጠየቀኝ። «እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ በምን አውቃለሁ?» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ከዚያ በኋላ በየዓርቡ ልክ በስድስት ሰዓት ይሄዳል፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይዘገይም።

በነሐሴ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። ሹሙ የእኔን ማሻሻያ ከወረቀቱ መሐል አወጡት፤ የሐዲጃ ጭቃ ምልክቱ አልለቀቀም። «ሐብተ ማርያም፣ አንቀጽ አራት ይሻሻል ያልከው ይኸውና። ምን ትላለህ?»

በዚያች ቅጽበት በየሠፈሩ ግንባቸው ተራቁቶ ዓርብን የሚጠብቁ ሰዎች ትዝ አሉኝ፤ በስም የማውቃቸው አሉ። አንቀጹ ከተሻሻለ ግን የቡሽራ የማፍረሻ ትእዛዝ በማግሥቱ ይነበብለታል። የምርመራው ይሻሻል፣ የትእዛዙ ግን እንዳለ ይቆይ ብል ደግሞ ሹሙ ለምን ብለው መዝገቡን ማገላበጣቸው አይቀርም።

«ተሳስቼ ነበር ጌታዬ» አልኩ። «አንቀጽ አራት እንዳለ ይሁን።»

የሚረግሙኝ በዚህ ነው፤ እውነታቸውን ነው። ሐዲጃ ግን ገበያ ስትወርድ አሁንም በቢሮዬ በኩል ታልፋለች።

«እንዴት አደሩ አያ ሐብተ ማርያም?»

«እግዜር ይመስገን። እንዴት አደርሽ ሐዲጃ?»

«እኔማ ቤቴ አደርኩ።»